«ስብሰባው ተራዘመ» ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረንጁ ሻንጣ ሞልቶ መጣ (ጉድ የሠሯችሁ የእንግሊዝኛ ቃላት ካሉ ወዲህ በሉ)

የታቦር ልጅ (ሐዋሳ) — ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40

ሰላም የመድረኩ ሰዎች። ሳቁብኝ ብዬ ነው የመጣሁት። ስቃችሁ ስትጨርሱ ግን አንድ ነገር አስረዱኝ።

ሐዋሳ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ነው የምሠራው። ስሙ ይቅር። ሥራዬ ሰው መጥራት፣ አዳራሽ መያዝ፣ ሻይና ቆሎ ማዘዝ፣ ኢሜይል መላክ ነው። ባለፈው ሐሙስ አንድ ስብሰባ ነበረን። ከውጭ የሚመጣ አማካሪም ተጠርቷል። ማክሰኞ ዕለት አለቃዬ በር ላይ ብቅ አለና «ስብሰባው ለሚቀጥለው ሐሙስ ተራዝሟል፤ ለሁሉም አሳውቂ» አለኝ። እኔም አላመነታሁም። የሐሙሱ ስብሰባ ወደሚቀጥለው ሐሙስ «ኤክስቴንድድ» ሆኗል ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩና ላክሁት። ከዚያ ቡናዬን ጠጣሁ።

ሐሙስ ጠዋት 2፡30 ላይ ሰውዬው በባጃጅ ከች አለ። ሻንጣው ከባጃጁ ኋላ አልገባ ብሎ እሱ እግር ላይ ተቀምጧል። አዳራሹን ከፍቼ ባዶውን አሳየሁት። ወንበሮቹን አየ፣ እኔን አየ። «ሰዎቹ የታሉ? ደግሞስ ስምንት ቀን ሙሉ ስለ ምን ልንሰበሰብ ነው?» አለኝ። ሆቴል ለስምንት ሌሊት ይዟል። የመመለሻ ትኬቱንም ቀይሯል።

እኔ ስብሰባው ወደ ሌላ ቀን ሄደ ማለቴ ነበር። እሱ ከሐሙስ እስከ ሐሙስ ይቆያል ብሎ አነበበው። መጻፍ የነበረብኝ «ፖስትፖንድ» ነው። የሚያናድደኝ ደግሞ ቃሉን አውቀዋለሁ! ፈተና ላይ ቢመጣ አልስተውም። እጄ ላይ የመጣው ግን ሌላው ነው።

ማታ ቤት ገብቼ ሳስበው ጥፋቱ የእንግሊዝኛው ብቻ አልመሰለኝም። እኛ ዘንድ ስብሰባ ሁለት ሰዓት ቢጨመርበትም ተራዘመ ነው። ሳምንት ቢገፋም ተራዘመ ነው። ማን እንደዚህ አድርጎ አስተማረን?

እናንተንስ እንዲህ ጉድ የሠራችሁ ቃል አለ? ከመዝገበ ቃላት አትገልብጡልኝ፤ የደረሰባችሁን ንገሩኝ። እንግሊዝኛውንም በመድረኩ ደንብ መሠረት በፊደላችን ጻፉ።

ባጃጅ ሦስት እግር — ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡52

ስምንት ቀን ሙሉ ዓሣ በልቶ ሄደ በይኛ። ዕድለኛ ሰው።

የታቦር ልጅ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡55

ለብለብ ወዷል። ያዳነኝም እሱ ነው።

ዝም ብዬ አነባለሁ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

«ተላለፈ» የሚል ቃል አለን እኮ። «ስብሰባው ለሌላ ጊዜ ተላለፈ» ብትዪ አይምታታም ነበር። እርግጥ ሬዲዮ ላይ «ዝግጅቱ ተላለፈ» ሲሉ አምልጦኛል ወይስ ገና ነው ብዬ እኔም እጨነቃለሁ። ስለዚህ ምክሬን ተዪው።

ስቶር ኪፐሩ (ሐዋሳ) — ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡31

የእኔዋ ስህተት እንኳ ሰው አድናለች።

ድሮ አንድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ ግምጃ ቤት እሠራ ነበር። አንድ ቀን ቆጠራ ስናደርግ አሥራ ሁለት ጥቅል ጨርቅ ጎደለ። የሌሊቱ ጥበቃ ከእኔ ጋር ዓይንና ናጫ ነበር፤ ምክንያቱን ልተወው። ኃላፊያችን የውጭ ሰው ስለሆነ ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ነው። «ጥበቃው ሳይወስደው አይቀርም ብዬ እጠረጥራለሁ» ልል ፈለግሁ። ጥርጣሬ «ዳውት» ነው ተብዬ ነው ያደግሁት። «አይ ዳውት ዘ ጋርድ ቱክ ኢት» ብዬ ጽፌ ፈረምኩበት።

ኃላፊው አንብቦ ራሱን ነቀነቀ። «ልክ ነህ፤ እኔም እሱ አይመስለኝም» አለኝ። እኔ ደርቄ ቀረሁ። ምን ልበል? እንግሊዝኛዬን ላርም ወይስ ዝም ልበል? ዝም አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ጨርቁ ተገኘ። ሌላ መደርደሪያ ላይ፣ በሌላ ኮድ ተመዝግቦ ተቀምጧል። መዝጋቢው ማን እንደነበረ አትጠይቁኝ።

በኋላ አንዷ የቢሮ ልጅ አስረዳችኝ። «ዳውት» ካልክ አይመስለኝም ማለትህ ነው። «ሰስፔክት» ካልክ ሳይሆን አይቀርም ማለትህ ነው። ተመሳሳይ ሲመስሉኝ ለካ ጀርባ ለጀርባ ነው የቆሙት። ጥበቃው እስከ ዛሬ አያውቅም። አሁን ሳገኘው ቡና እጋብዘዋለሁ፤ ምን ሆኖ ነው ይለኛል መሰለኝ።

ጡረተኛው መምህር (ሐዋሳ) — ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

ልጆቼ፣ ይህን ክር ሳነብ ራቴ ቀዘቀዘ። ከሠላሳ ዓመት በላይ እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። እዚህ የምትጽፉት ሁሉ በቀይ እስክሪፕቶ ያረምኩት ነው።

መጀመሪያ ለስቶር ኪፐሩ። አማርኛውም እኮ ይለያቸዋል። «ሌባ ነው ብዬ ጠረጠርኩት» ስትል ወደ ሌብነቱ አዘንብለሃል። «ሌባ መሆኑን ተጠራጠርኩ» ስትል ግን ልታምን አልፈለግህም። ግሱ ሁለት ነው። ስሙ ላይ ስትደርስ ሁለቱም «ጥርጣሬ» ይሆናሉ። አንተን የጣለህ ስሙ ነው።

ለታቦር ልጅ ደግሞ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቅሽው ልጄ። ክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ የምላቸው ነገር ነበር። ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ሲምታቱባችሁ እነሱን አትመርምሩ፤ በላያቸው የተደረበውን የአማርኛ ጋቢ ግለጡ። አንድ ጋቢ ሁለት ሰው ሲሸፍን ከውጭ የሚያይ አንድ ሰው የተኛ ይመስለዋል።

«አስታወሰ»ን ውሰጂ። እኔ ራሴ ባስታውስም አስታወስኩ ነው። አንቺን ባስታውስሽም አስታወስኩሽ ነው። እንግሊዝኛው ግን በራስ ትዝ ሲል «ሪሜምበር» ይላል፤ ሌላውን ትዝ ማሰኘት ሲሆን «ሪማይንድ»። አንድ ተማሪ ነበረኝ፤ መጽሐፍ ላመጣለት ቃል ገብቼለት አርብ ዕለት በር ላይ ቆሞ «ቲቸር፣ ፕሊዝ ሪሜምበር ሚ» አለኝ። እንደ ኑዛዜ ነው የተሰማኝ። «ምነው፣ ወዴት ልትሄድ ነው?» አልኩት። ለካ የመጽሐፉን ነገር ሊያስታውሰኝ ፈልጎ ነው። ልጁ ዛሬ ራሱ መምህር ነው። አሁንም በዚያው ይቀልድብኛል።

«ጠበቀ»ም እንደዚያው ነው። ታክሲ መጠበቅ «ዌይት» ነው። ውጤት መጠበቅ ሁለት ነው፦ ወረቀቱ እስኪለጠፍ ከቆምሽ «ዌይት»፣ ጥሩ ይመጣል ብለሽ ከገመትሽ «ኤክስፔክት»። ቤት መጠበቅ ደግሞ «ጋርድ» ነው። ሦስቱም በአንድ ጋቢ ሥር ተኝተዋል።

ግን እኛ ድሆች ነን ብላችሁ እንዳታስቡ። ጋቢው በእነሱ በኩል የሚሰፋበትም አለ። ከጎረቤት ወንፊት ትዋሻለሽ፤ ያንኑ ወንፊት ትመልሻለሽ። ስኳር ግን ትበደሪያለሽ፤ የምትመልሺው ሌላ ስኳር ነው፣ የወሰድሽውማ ሻይ ውስጥ ሟሙቷል። እንዴት ያለ ረቂቅ ልዩነት ነው! እንግሊዝኛው ለወንፊቱም ለስኳሩም «ቦሮው» ብሎ ያልፋል። ተማሪዎቼን የሚያስቸግራቸው ሌላ ነው። ተዋሰና አዋሰ ከአንድ ሥር ስለሚወጡ «ሌንድ» የሚባል ሁለተኛ ቃል እንዳለ ይዘነጉና «ቦሮው ሚ ዩር ፔን» ይላሉ።

ነገ እመለሳለሁ። ባለቤቴ መብራት አጥፋ እያለችኝ ነው።

ልብስ ሰፊዋ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡41

መምህር ስለ ስኳሩ ልክ ነዎት፤ ግን የእኔ ጎረቤት ስኳርም ወንፊትም «አውሺኝ» ነው የምትለው። ስኳሩን መልሳ አታውቅም። ወንፊቱንም።

ባጃጅ ሦስት እግር — ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡44

በፊደላችን እንጻፍ ካላችሁ አንድ ችግር ልንገራችሁ። «አይ ሊቭ ሐዋሳ» ብዬ ብጽፍ ሐዋሳ ነዋሪ ነኝ ወይስ ሐዋሳን ልለቅ ነው? ፈረንጆቹ አንዱን ሳብ፣ አንዱን ቆረጥ አድርገው ነው የሚለዩት። እኔ አፍ ላይ ሁለቱም እኩል ነው የሚወጡት። ተሳፋሪዬ ባለፈው ደንግጣ «ለምን ትሄዳለህ?» ብላኛለች።

የሌሊት ነርስ — ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ 7፡15

አዳር ላይ ነኝ፣ ዋርዱ ፀጥ ብሏል። የእኔም ይጻፍልኝ።

አንድ ጊዜ ከውጭ የመጣ ሐኪም ጋር አስተርጓሚ ሆኜ ነበር። አንድ አባት «እግሬን» አሉ። እኔ «ሂዝ ሌግ» አልኩ። ሐኪሙ ጉልበታቸውን ጫን ጫን አደረገ፣ አጠፈ፣ ዘረጋ። ሰውዬው ትዕግሥተኛ ናቸው፤ ዝም ብለው አዩት። ጨርሶ ቀና ሲል ጫማቸውን አወለቁ። መርገጫቸው ሥር እሾህ ገብቶ አብጦ ቀልቷል።

እኛ ከጭን ጀምሮ እስከ ጥፍር ድረስ እግር ነው የምንለው። እነሱ ቁርጭምጭሚት ላይ ይቆርጡታል፤ በላይ ያለው «ሌግ»፣ በታች ያለው «ፉት»። እጅም ያው ነው፤ ከአንጓ በታች «ሃንድ»፣ በላይ «አርም»። ጣት ደግሞ የእጅ ከሆነ «ፊንገር»፣ የእግር ከሆነ «ቶ»። «የእግር ፊንገር» የሚል ተማሪ ነርስ በየዓመቱ አይጠፋም። እኔም ብያለሁ።

ሕመም ላይ ግን ማንም አይደርስብንም። አንዲት እናት መጥተው ምን አሉ? «ጎኔን ይወጋኛል፣ ወገቤን ይቆረጥመኛል፣ ራሴን ይፈልጠኛል፣ ጥርሴን ይጠዘጥዘኛል።» አራት ቦታ፣ አራት ግስ። እኔ ሁሉንም «ፔይን» አልኩት። ሐኪሙ «ሁሉም አንድ ዓይነት ነው?» ሲለኝ አፈርኩ። ሴትዮዋ ምርመራውን ግማሽ ሠርተውለት ነበር፤ እኔ መሐል ገብቼ አደበዘዝኩት።

ከዚያ በኋላ ተማርኩ። በተለይ ሲነካ የሚያም «ሶር» ነው። ቁርጠት «ክራምፕ» ነው። ድፍን ብሎ፣ ቶሎ ሳይለቅ የሚቆይ «ኤክ» ነው። «ኤክ» ደግሞ መራጭ ነው፤ ራስ፣ ጥርስ፣ ሆድ፣ ጀርባና ጆሮ ላይ ተለጥፎ አንድ ቃል ይሆናል፣ እግር ላይ ግን አይለጠፍም። ለምን ብዬ ጠይቄ የመለሰልኝ የለም። ውጋትን እስካሁን «ስታቢንግ ፔይን» እላለሁ፤ በቢላ እንደተወጋ አድርጎ መግለጽ ነው። አያረካኝም፤ የሚገባቸው ግን ያ ነው።

ደወል ተደወለ፤ ሄድኩ።

አሞራ ገደል ደንበኛ (ሐዋሳ) — ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡05

የእኔ ታሪክ ብር ያስወጣ ነው።

አዲስ የመጣ ፈረንጅ የሥራ ባልደረባ ነበረን። ቅዳሜ ዕለት «ሁላችሁንም አሞራ ገደል ኢንቫይት አድርጌያለሁ» አለ (ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያችን ነው)። እኛ ስንሰማ «ጋበዘን» ነው። ስድስት ሆነን ሄድን። ጥብስ አለ፣ ሾርባ አለ፣ ለብለቡ ሁለተኛ ዙር ታዘዘ። አንዱማ ለቤት የሚወስደው አሳሰረ። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቆቹ አሞራዎች፣ ከኛ ጎን ቆመው አንገታቸውን ቀብረው ያዩናል።

ሒሳብ መጣ። ፈረንጁ ወረቀቱን አንስቶ በፍቅር አየው። የራሱን ቆጠረ፣ ቲፕ ጨመረበት፣ ቦርሳውን ኪሱ ከተተ። እኛ እርስ በርስ ተያየን። ከስድስታችን ሁለታችን ነን ብር የያዝነው።

ሰውዬው ስስታም አልነበረም። «ኢንቫይት» ማለት አብራችሁኝ ኑ ማለት ነው። እከፍላለሁ ለማለት «ትሪት» የሚል ሌላ ቃል አላቸው፤ «ማይ ትሪት» ካለ ብቻ ነው እጅ ታጥቦ መጠበቅ። የኛ ጋበዘ ግን ከፋዩን አብሮ ይዞ ነው የሚመጣው። ጋብዞ የማይከፍል ሰው አማርኛ አያውቅም፤ ሌላ ስም አለው።

ባጃጅ ሦስት እግር — ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡09

ያሳሰረው ሰውዬስ ዓሣውን መለሰ?

አሞራ ገደል ደንበኛ — ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡11

እሱን ነው እንጂ መፈለግ።

ከአዳማ (አዳማ) — ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡30

ሐዋሳዎች ሰላም ናችሁ። ከመምህሩ ጋር ትንሽ ልከራከር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና።

የጋቢው ነገር ለ«ተራዘመ» ይሠራል። ግን እንግሊዝኛው ራሱ የፈለፈላቸው መንትዮችስ? «ሴንሲብል» እና «ሴንሲቲቭ»ን የሚሸፍን የአማርኛ ቃል የለም። አንዱ ልባም ነው፣ ሌላው ሆደ ባሻ። አማርኛው ላይ ሲነጻጸሩ እንኳ አይተዋወቁም። እኔ ግን የሥራ ማመልከቻ ላይ «አይ አም ኤ ሴንሲቲቭ ፐርሰን» ብዬ ጽፌያለሁ። አስተዋይ ነኝ ማለቴ ነበር። ቶሎ ይከፋኛል ብዬ ነው ያመለከትኩት። አልጠሩኝም፤ እና በእውነት ከፋኝ።

«ኢኮኖሚክ» እና «ኢኮኖሚካል»ም አሉ። አንዱ የኢኮኖሚ ጉዳይ ነው፣ አንዱ ቆጣቢ። የባጃጅ ሞተር ኢኮኖሚካል ነው፣ ፖሊሲ ግን ኢኮኖሚክ። እነዚህን የሚያምታታን የፊደሉ መመሳሰል እንጂ አማርኛ አይደለም።

ጡረተኛው መምህር — ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡02

ተሸነፍኩ፤ ግማሹን።

«ሂስቶሪክ» እና «ሂስቶሪካል» ላይ ግን ጋቢው ይመለሳል። ሁለቱም «ታሪካዊ» ናቸው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተገኘው የዓድዋ ድል «ሂስቶሪክ» ነው፤ ታሪክን ያዞረ ነው። በዚያው ዓመት አንድ ነጋዴ ስለ አሞሌ ጨው የጻፈው ደረሰኝ ቢገኝ «ሂስቶሪካል» ወረቀት ነው፤ ያለፈ ዘመን ነው፣ ግን ምንም አላዞረም። የእኛ ዜና ግን ለሁሉም ታሪካዊ ይላል። የፌርማታ ምርቃት ሳይቀር።

እንግሊዝኛ ለምን ይህን ያህል መንትያ ኖረው ለሚለው፣ አንዱ ምክንያቱ ወረራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች ከፈረንሳይ ምድር ተሻግረው እንግሊዝን ያዙ። ቤተ መንግሥቱና ፍርድ ቤቱ ፈረንሳይኛ ተናገረ፣ ገበሬው በእንግሊዝኛው ቀረ። ላቲኑ ደግሞ በቤተ ክርስቲያንና በትምህርት ገባ። ለዚህ ነው በሬው በበረት ሳለ «ኦክስ»፣ ገበታ ላይ ሲቀርብ «ቢፍ» የሚባለው። ጠባቂው በአንዱ ቋንቋ ጠራው፣ በይው በሌላው። መጠየቅም ሦስት ደረጃ አወጣ፤ «አስክ» የሠፈር ነው፣ «ክዌስችን» ጠንከር ይላል፣ «ኢንተሮጌት» ካሉህ ጠበቃ ፈልግ።

እኛም አለን። «የሰው መብት» አንልም፣ «ሰብአዊ መብት» ነው የምንለው፤ ግዕዙ ክብር ይጨምራል። ሽማግሌ «ዐረፉ» ይባላል፣ «ሞቱ» ያለ ልጅ ይገሠጻል። የትርጉም ልዩነት የለውም፤ ያለው የወግ ልዩነት ነው። የእንግሊዝኛ ተማሪን የሚያደክመው እዚህ ላይ ነው፤ መዝገበ ቃላቱ ትርጉም ይሰጥሃል፣ ወጉን አይነግርህም።

ልብስ ሰፊዋ (ሐዋሳ) — ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10፡48

የወግ ነገር ካነሱማ እኔም አለኝ። አንዲት ፈረንጅ ቀሚስ ላሰፋላት መጣች። ወገቧን ለካሁ። ላመሰግናት ብዬ «ዩ አር ሶ ስኪኒ!» አልኳት። ስኪኒ ሱሪ ፋሽን አይደል? ቆንጆ ቃል መሰለኝ። ፊቷ ጭልም አለ። ብሩን ከፍላ ሄደች፤ ቀሚሱን እንኳ ሌላ ሰው ልካ ነው ያስወሰደችው። በደህና ጊዜ «ከሲታ ነሽ» ማለቴ ነበር ለካ።

ጡረተኛው መምህር — ማክሰኞ፣ ከቀኑ 11፡30

«ስሊም» ብትያት ሸንቃጣ ነሽ ማለት ነበር። «ቲን» መሐል ላይ ነው፣ ቀጭን። ያንቺዋ ቃል ከሲታ ነው።

ይህን ነገር ፈላስፋው በርትራንድ ራስል እ.ኤ.አ. በ1948 በቢቢሲ ሬዲዮ ላይ ጥሩ አድርጎ ቀልዶበታል። እኔ ጽኑ ነኝ፣ አንተ ግትር ነህ፣ እሱ ድንጋይ ራስ ሞኝ ነው ዓይነት ቀልድ ነው። ሦስቱም አንድ ጠባይ ናቸው፤ የተለወጠው ተወቃሹ ነው። ተማሪዎቼ በአማርኛ ሠርተውልኝ ነበር፦ እኔ ቆጣቢ ነኝ፣ አንተ ቋጣሪ ነህ፣ እሱ ቆንቋና ነው።

አስጎብኚው — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 12፡20

አጭር ነው የእኔ። ሐይቁ ዳር እንግዶቼን «ሌትስ ሲት ኢን ዘ ሻዶው» እል ነበር፤ ለዓመታት። ዛፍ ሥር ያለው ቅዝቃዜ «ሼድ» ነው። «ሻዶው» መሬት ላይ የሚሳለው የሰው ቅርጽ ነው። አንዱ እንግዳ «የማን ሻዶው ላይ?» ብሎ ጠየቀኝ። የእኛ ጥላ ሁለቱም ነው፤ በክረምት ደግሞ ይዘነው እንወጣለን።

ዝም ብዬ አነባለሁ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡05

አንድ ነገር አልዋጥልህ አለኝ። ይህን ሁሉ ስህተት እያልን ራሳችንን የምንቀጣው ለምንድን ነው? የታቦር ልጅ ኢሜይሉን ለአሥር ኢትዮጵያዊ ብትልከው አሥሩም ይረዷት ነበር። «ኤክስቴንድድ» ማለት እዚህ አገር ተላለፈ ማለት ነው። ሕንዶች «ፖስትፖን» ተቃራኒ ሲያጡለት «ፕሪፖን» ብለው ራሳቸው ሠሩ፤ ስብሰባ ከተያዘለት ቀን ቀድሞ እንዲደረግ ሲባል ፕሪፖን ሆነ ይላሉ። ማንም ጆሯቸውን አልቆነጠጠም።

ከአዳማ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡18

አሥሩ ኢትዮጵያውያን ይረዷት ነበር። አሥራ አንደኛው ነው ሻንጣ ይዞ የመጣው።

ዝም ብዬ አነባለሁ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡20

እሺ፣ ይህቺን ወሰድክ። ግን እነሱም ይሳሳታሉ። «ጄለስ» ያለኝን እንዳይወስዱብኝ ስፈራ ነው፣ «ኤንቪየስ» የሌላውን ስመኝ ነው ተብለን ተፈትነናል። ፈረንጆቹ ራሳቸው ለሁለቱም «ጄለስ» ሲሉ ነው የምሰማው። ልክ እንደኛ ቅናት።

ጡረተኛው መምህር — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡00

እውነት ነው፤ እኔም በዚህ ጥያቄ ልጆች ጥያለሁ። አሁን ሳስበው ባልጣልኳቸው እላለሁ። ሰው የሚረዳው ከሆነ ግማሽ ነጥብ መስጠት ነበረብኝ። «ዳውት» ላይ ግን አሁንም እጥላለሁ።

ስቶር ኪፐሩ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡03

ይጣሉኝ መምህር፣ ይገባኛል።

የመድረኩ አወያይ — ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ስለ ባጃጅ ታሪፍ የተጻፉትን አራት አስተያየቶች ወደ ሌላ ክር ወስጃቸዋለሁ። እዚህ ስለ ቃላት ብቻ።

የታቦር ልጅ — ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡25

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መምህር፣ የጋቢዎን ነገር ለአለቃዬ ነገርኩት፤ «ታዲያ ማን ግለጪ አለሽ» አለኝ።

እንግዳውን በጥሩ ሁኔታ ሸኝተነዋል፤ ማለቴ ነገ ስብሰባው ነው፣ ከዚያ እንሸኘዋለን። እስከዚያ ታቦር ተራራ ወጥቷል፣ ጉማሬ አይቷል፣ ገብርኤል አካባቢ ቡና ጠጥቷል። ለተሰብሳቢዎቹ የነገውን ረቂቅ ልኬ አስተያየት ስጡኝ የሚል ኢሜይል አዘጋጀሁ። ያቺን ቃል አልነካኋትም፤ «ፖስትፖንድ»ም «ኤክስቴንድድ»ም የለበትም። እስቲ እዩልኝ፦

«ፕሊዝ ሴንድ ሚ ዩር ኮመንትስ አንቲል ፍራይደይ።»

ከአዳማ — ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡40

«አንቲል»ን አውጪው! «ባይ ፍራይደይ» በዪ። «ባይ» ካልሽ አንድ ጊዜ፣ አርብ ሳያልፍ ይልካሉ። «አንቲል» ካልሽ እስከ አርብ ድረስ ሳያቋርጡ ይልካሉ። የኛ «እስከ» ሁለቱንም ስለሚሸፍን ነው።

ጡረተኛው መምህር — ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡44

ልጄ፣ እንዳትልኪው።

የታቦር ልጅ — ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡10

ጠዋት ልኬዋለሁ እኮ። ፈረንጁ እስካሁን ሦስት ኮመንት ልኳል። አራተኛው አሁን ገባ።